የፍሎረሰንት ፋይበር ቴርሞሜትር፤ ምስጋናውና ወሰኑ

በዚህ ጽሑፍ ልተች የተነሣሁት አንድን መሣሪያና ስለ መሣሪያው የሚነገረውን ውዳሴ ነው። መሣሪያው በፍሎረሰንት ብርሃን የሚሠራ የኦፕቲካል ፋይበር ቴርሞሜትር ይባላል። የሰው እጅ በማይደርስበት፣ ተራውም የሙቀት መለኪያ በማይሠራበት ክፉ ቦታ፣ ለምሳሌ በከፍተኛ ቮልት ትራንስፎርመር ውስጥ ወይም በማይክሮዌቭ ምድጃ ውስጥ፣ ሙቀትን ከሩቅ ሆኖ ለመለካት የተሠራ ነው። በዚህ ጉዳይ የተጻፈውን የሚያነብ ተማሪ አንድ ሐሳብ ደጋግሞ ያገኛል፤ ይኸውም መሣሪያው የሚለካው የብርሃኑን ብርታት ሳይሆን ብርሃኑ ለመክሰም የሚወስድበትን ጊዜ ስለ ሆነ፣ ብርሃኑ በመንገድ ላይ ቢደክም እንኳ ልኬቱ አይለወጥም የሚል ነው። ነገሩ በተፈጥሮ ሕግ ረገድ እውነት ነው። በመሣሪያ ረገድ ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ከዚህም የሚከፋው፣ ወደ በኋላ እንደማሳየው፣ የዚህ መሣሪያ ስሕተቶች ብዙዎቹ ያጋደሉት ወደ አንድ ወገን ነው፤ እሱም አደጋ ወዳለበት ወገን ነው።

አስቀድሜ ከፊዚክስ ክፍል ውጭ ላሉት ጓደኞቼ አሠራሩን ባጭሩ ልግለጽ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አንዳንድ ማዕድናት ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ብርሃን ሲያርፍባቸው ብርሃኑን ውጠው በምትኩ ቀይ ብርሃን ይሰጣሉ። ይህን ጠባይ የካምብሪጁ ሊቅ ጆርጅ ስቶክስ በ1852 ፍሎረሰንስ ብሎ ሰየመው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ፈረንሳዊው ኤድሞን ቤክሬል መብራቱ ከተጋረደ በኋላ በማዕድኑ ላይ የሚቆየውን ብርሃን ዕድሜ የሚመረምርበት ፎስፎሮስኮፕ የተባለ መሣሪያ ሠራ። ቀዩ ብርሃን መብራቱ ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም፤ በሰከንድ ሺኛ ክፍልፋዮች ውስጥ ቀስ እያለ ይከስማል። ማዕድኑ በሞቀ ቁጥር የመክሰሚያው ጊዜ ያጥራል፤ ምክንያቱም ብርሃኑን የዋጠው አቶም ጉልበቱን ብርሃን ሳያወጣ በሙቀት መልክ የሚጥልበት ሌላ መንገድ ይከፈትለታል። እንግዲህ የመክሰሚያውን ጊዜ የለካ ሰው ሙቀቱን ለካ ማለት ነው።

ነገሩን በደወል ልመስለው። የቤተ ክርስቲያን ደወል በኀይል ቢመታም በቀስታ ቢመታም ድምፁ የሚደክምበት ፍጥነት አንድ ነው። ከደወሉ ሥር የቆመና ከኮረብታው ማዶ የቆመ ሰው ድምፁ መጀመሪያ ከሰሙት ወደ ሲሶው እስኪወርድ ያለውን ጊዜ ቢቆጥሩ፣ አንዱ የሰማው ድምፅ ከሌላው እጅግ ቢያንስም፣ ቁጥራቸው እኩል ይሆናል። የመሣሪያው ውዳሴ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ምሳሌውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ፤ ተመልሼ እመጣበታለሁና።

ብርሃኑን ወደ ማዕድኑ የሚወስደውና የሚመልሰው እንደ ጠጉር የቀጠነ የመስተዋት ክር ነው። ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም በ1966 ንጹሕ መስተዋት ብርሃንን ሩቅ መንገድ ሊያደርስ እንደሚችል ጻፉ፤ በ1970 ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኪሎ ሜትር ከ20 ዴሲቤል በታች ብቻ የሚያባክን ክር ሠርቶ አሳየ። ካኦም ለዚህ ሥራው በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የስልክ መሐንዲሶች የተመኙትን ክር የሙቀት መለኪያ ሠሪዎች ወዲያው ተሻሙት። በካሊፎርኒያ ኬኔት ዊከርሻይም በ1978 ያቋቋመው ሉክስትሮን የተባለው ኩባንያ በክሩ ጫፍ ላይ የሚያበራ ዱቄት ለጥፎ ለገበያ አቀረበ።

የመጀመሪያው መሣሪያቸው ጊዜን የሚለካ አልነበረም። ዩሮፒየም የተባለው ንጥረ ነገር ያለበት ዱቄት ሁለት ዓይነት ቀለም ይሰጥ ነበርና የሁለቱን ብርታት ያነጻጽሩ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ግን ይህን ትተው ማንጋኒዝ የገባበት የማግኒዚየም ፍሎሮጀርማኔት ዱቄት ያዙና ወደ መክሰሚያው ጊዜ ዞሩ። ይህ ለውጥ ለእኔ ትርጉም ያለው ነው። ሁለት ቀለሞች በአንድ ክር አብረው ቢጓዙም በመንገድ እኩል አይባክኑም፤ ክሩ ሲታጠፍ ወይም መጋጠሚያው ሲቆሽሽ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል። ጊዜ ግን በቆሻሻ አይጠቃም። ስለዚህ ለውጡ ትልቅ መሻሻል ነበር፤ እኔም ይህን አልክድም።

ምስጋናው የሚገባውን ቦታም አስቀድሜ መናገር ይገባኛል። ቴርሞካፕል ሁለት የብረት ሽቦዎች ናቸው። ማይክሮዌቭ ባለበት ቦታ ሽቦው ራሱ እንደ አንቴና ኀይሉን ይሰበስባል፤ ይሞቃልም፤ ከዚያ በኋላ የሚነግረን የራሱን ሙቀት እንጂ የምንፈልገውን ነገር ሙቀት አይደለም። ሐኪሞች የካንሰርን ዕጢ በሬዲዮ ሞገድ ሲያሞቁ የሥጋውን ሙቀት በዲግሪ ክፍልፋይ ማወቅ አለባቸው፤ በኤም አር አይ መሣሪያ ውስጥም ረጅም ሽቦ ማስገባት ታካሚውን እስከ ማቃጠል ሊያደርስ ይችላል። የመስተዋት ክር ከረንት አያስተላልፍም፤ ማግኔትም አያውቀውም። በእነዚህ ቦታዎች የፋይበሩ ቴርሞሜትር ያለ ክርክር የተሻለ ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን በትራንስፎርመር ላይ ነው። በ2025 ከተመረቀው ከታላቁ የኅዳሴ ግድብ በ500 ሺህ ቮልት መስመር ኀይል ለሚያጓጉዝ አገር ተማሪ ደግሞ ትራንስፎርመር የሩቅ ወሬ አይደለም። የትራንስፎርመር ዕድሜ ማለት የመዳቡን ጥቅል የሸፈነው ወረቀት ዕድሜ ማለት ነው። ወረቀቱ በሙቀት ያረጃል፤ ካረጀ በኋላ የሚታደስበት መንገድ የለም። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በቁጥር 60076-7 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ለተራው ወረቀት 98 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደ መደበኛ ይቈጠርና ከዚያ በላይ ሙቀቱ 6 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የማርጀቱ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። የሚቈጠረውም የዘይቱ ሙቀት ወይም የጥቅሉ አማካይ ሙቀት አይደለም፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚግለው ቦታ ሙቀት ነው። እንጀራ የምትጋግር ሴት የምጣዱ ሙቀት በየቦታው እኩል እንዳልሆነ፣ የትኛው ጥግ እንደሚያሳርርባት ታውቃለች፤ የትራንስፎርመሩ መሐንዲስ ግን ምጣዱን ገልጦ ማየት አይችልም።

ከፋይበሩ በፊት የነበረው ዘዴ ግምት ነበር፤ ዛሬም ብዙ ቦታ ይሠራበታል። ከላይ ያለውን ዘይት በቴርሞሜትር ይለኩና፣ ጥቅሉ ከሚሸከመው ከረንት ጋር የሚመጣጠን ትንሽ ከረንት በቴርሞሜትሩ አጠገብ ባለ ማሞቂያ ውስጥ ያሳልፋሉ። መርፌው የሚያሳየው የጥቅሉን ሙቀት ሳይሆን አምሳያውን ነው። አምሳያው ሸክሙ በድንገት ሲለወጥ ይሳሳታል፤ ማቀዝቀዣው ሲበላሽም ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ጫፉን በቀጥታ በጥቅሉ መካከል የሚያስገባ መሣሪያ ሲመጣ መሐንዲሶች ደስ ቢላቸው አይገርምም። እኔን የሚያሳስበኝ ደስታው ጥርጣሬን ጭራሽ ማጥፋቱ ነው። ግምት መሆኑን የምናውቀውን ቁጥር በጥንቃቄ እንይዘዋለን፤ «በቀጥታ ተለካ» የተባለውን ቁጥር ግን ማንም አይመረምረውም።

አሁን ወደ ደወሉ እንመለስ። ከኮረብታው ማዶ ያለው ሰው የደወሉን ድምፅ ብቻ አይደለም የሚሰማው፤ ነፋሱንም የገበያውንም ጫጫታ ይሰማል። ደወሉ እየደከመ ሲሄድ ጫጫታው ግን አይደክምም። ሰውዬው የጫጫታውን ቅሪት ከደወሉ ድምፅ ጋር ደምሮ ከቈጠረ ደወሉ ከእውነተኛው ዕድሜው በላይ የጮኸ ይመስለዋል። ከደወሉ ሥር የቆመው ሰው ጫጫታው እኩል ቢደርሰውም አይሳሳትም፤ ለእሱ ደወሉ እጅግ ይበልጣልና። እንግዲህ ርቀት የመክሰሚያውን ጊዜ አልለወጠም፤ የቆጣሪውን ሰው ስሕተት ግን ለወጠ።

በቁጥር ላሳይ። የታወቀው ቀላል ዘዴ መብራቱ ከጠፋ በኋላ በሁለት ተከታታይ እኩል ጊዜያት የተሰበሰበውን ብርሃን ማነጻጸር ነው። የመክሰሚያው ጊዜ 3 ሚሊሰከንድ ነው እንበል፤ እያንዳንዱም የመሰብሰቢያ ጊዜ እንዲሁ 3 ሚሊሰከንድ ይሁን። ብርሃኑ ንጹሕ ከሆነ የመጀመሪያው ድምር የሁለተኛውን 2.72 እጥፍ ይሆናል። አሁን ከመነሻው ብርታት አንድ በመቶ ብቻ የሚያህል የማይከስም ቅሪት ብርሃን ጨምሩበት። ንጽጽሩ ወደ 2.65 ይወርዳል፤ ከዚያ የሚወጣውም የመክሰሚያ ጊዜ 3.08 ሚሊሰከንድ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የዚያ የማንጋኒዝ ዱቄት የመክሰሚያ ጊዜ ከ200 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስከ 450 ዲግሪ ባለው ስፋት ውስጥ የሚወርደው ከ5 ሚሊሰከንድ ገደማ ወደ ግማሽ ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ይህ በአማካይ ለአንድ ዲግሪ ከአንድ ሚሊሰከንድ 7 ሺኛ ያህል ይደርሳል። መስመሩ ቀጥተኛ ባይሆንም ለግምት ይበቃል። እንግዲህ ያ 0.08 ሚሊሰከንድ 12 ዲግሪ ያህል ስሕተት ነው። ረዘም ያለ የመክሰሚያ ጊዜ ደግሞ ቀዝቃዛ ማለት ስለ ሆነ፣ ጥቅሉ 110 ዲግሪ ሲሆን መሣሪያው 98 ብሎ ያነባል። ከላይ በጠቀስኩት መመሪያ ስሌት ወረቀቱ በአራት እጥፍ ፍጥነት እያረጀ ሳለ ጠባቂው ሁሉም ደኅና ነው ብሎ ይቀመጣል።

መሣሪያ ሠሪዎች ይህን አያውቁም አልልም። ከእያንዳንዱ ብልጭታ በፊት ያለውን ቅሪት ለክተው ይቀንሱታል፤ ማጣበቂያውና ክሩ ራሳቸው የሚያወጡትን ፈጥኖ የሚጠፋ ብርሃን ለማሳለፍም መቁጠር የሚጀምሩት ጥቂት ዘግይተው ነው። ከቀነሱ በኋላ የሚተርፈው ጥቃቅን ስሕተትም ወደ ሙቅ ወገንም ወደ ቀዝቃዛ ወገንም ሊሆን ይችላል። የእኔ ነጥብ ይህ ነው፤ መሣሪያው አዲስ ሳለ የተረፈው ስሕተት ከምልክቱ አንድ ሺኛ ቢሆን ማንም አያየውም። መጋጠሚያው ሲቆሽሽ፣ ክሩ በሙቅ ዘይት ውስጥ ዓመታት ሲቆይ፣ ብርሃኑ ወደ አንድ ዐሥረኛው ሲወርድ፣ ያው የተረፈ ስሕተት ከምልክቱ አንድ መቶኛ ይሆናል። የተራው መዋዠቅ ጉዳይ ቀላል ነው፤ ብዙ ብልጭታዎችን ለክቶ አማካዩን በመውሰድ ይቀነሳል። ይህኛው ግን በመደጋገም አይቀነስም፤ ሺህ ጊዜ ቢለካ ሺህ ጊዜ ያንኑ ስሕተት ይሰጣል። «ልኬቱ ከብርሃኑ ብርታት ነጻ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ስለዚህ «ብርሃኑ ከቅሪቱ እጅግ እስከ በለጠ ድረስ» የሚል ቅጥያ ሊከተለው ይገባል።

ሌላም አለ። በክሩ ጫፍ ያለው ዱቄት ምንም ቢያንስ ውፍረት አለው፤ በጥቅሉና በዘይቱ መካከል ሲቀመጥ አንዱ ጎኑ ከሌላው ይሞቃል። ያን ጊዜ ወደ እኛ የሚመጣው አንድ መክሰሚያ ሳይሆን የብዙ መክሰሚያዎች ድምር ነው። ሞቃቱ ክፍል ፈጥኖ ይሞታል፤ ቀዝቃዛው ክፍል ይቆያል። በኋለኛው የመቁጠሪያ ጊዜ የሚሰማው ድምፅ እንግዲህ ይበልጡን የቀዝቃዛው ነው። መሣሪያው ግን አንድ ቁጥር ብቻ ያወጣል፤ ያም ቁጥር ወደ ቀዝቃዛው ያጋደለ ነው። የጫፉ አቀማመጥም እንዲሁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ የሚገባው በጥቅሉ ክፍሎች መካከል በሚቀመጠው ማራራቂያ ውስጥ ሲሆን፣ ከመዳቡ የሚለየው ወረቀት አለ፤ በአጠገቡም ዘይት ይፈሳል። ስለዚህ ከመዳቡ ጥቂት ዝቅ ብሎ ያነባል። ጫፉ የተቀመጠበትም ቦታ ከሁሉ የሚግለው ቦታ ካልሆነ አሁንም የሚነበበው ቁጥር ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል፤ ከሁሉ ከሚግለው ቦታ የሚበልጥ ሌላ ቦታ ሊኖር አይችልምና። በመግቢያዬ ስሕተቶቹ ወደ አንድ ወገን ያጋድላሉ ያልኩት ስለዚህ ነው። ቅሪቱ ወዲህም ወዲያም ሊል ይችላል፤ የዱቄቱ ውፍረት፣ ወረቀቱና የቦታው ምርጫ ግን ሦስቱም ወደ ቀዝቃዛው ይጎትታሉ።

ደግሞም ይህ ጫፍ አንዴ ከገባ አይወጣም። ጥቅሉ ይደርቃል፤ በታንኩ ውስጥ ይዘጋል፤ ዘይት ይሞላበታል። ላቦራቶሪ ያለ ቴርሞሜትር በየዓመቱ በበረዶና በፈላ ውኃ ሊመሳከር ይችላል፤ በትራንስፎርመር ውስጥ የተቀበረውን ግን ማን ያመሳክረዋል? ክሩ በፋብሪካ ውስጥ በሠራተኛ እጅ እንደሚሰበር ስለሚታወቅ መጠባበቂያ የሚሆኑ ተጨማሪ ክሮች ይቀበራሉ። የተሰበረ ክር ግን አያታልልም፤ ዝም ይላል። አሳሳቹ ሳይሰበር የደከመው ነው።

«ክፉ ቦታ» የሚለውን ቃልም ልተች። በዚህ ቃል ውስጥ የማይገናኙ ክፋቶች በአንድ ከረጢት ታስረዋል። ክፋቱ የኤሌክትሪክ ከሆነ መስተዋቱ ያሸንፋል፤ ይህን ተናግሬአለሁ። ክፋቱ የእሳት ከሆነ ግን ሌላ ነው። ክሩን የሚሸፍነው ተራው የአክሪሌት ልባስ 85 ዲግሪ ገደማ ላይ ያበቃለታል፤ ፖሊኢማይድ የተባለው እስከ 300 ዲግሪ ገደማ ይዘልቃል፤ ከዚያ በላይ ክሩን በብረት መልበስ ወይም ጭራሽ የሰንፔር ክር መጠቀም ይመጣል። ምድጃው ራሱ ቀልቶ ማብራት ሲጀምር ደግሞ በዚያው በቀዩ ቀለም ቅሪት ይጨምራል፤ የዱቄቱም ብርሃን በዚያው ሙቀት እየመነመነ ይሄዳል። በአቶም ኀይል ማመንጫ አካባቢ ጨረር መስተዋቱን ያጠቁረዋል፤ የሚጠቁረውም በአብዛኛው ለሰማያዊው ብርሃን ይብሳል፤ ዱቄቱን ለማብራት የምንልከውም ያንኑ ሰማያዊ ብርሃን ነው። በእነዚህ ቦታዎች የመሣሪያው ጥንካሬ በቮልቱ ፊት ካለው ጥንካሬ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ መጻፉ አንባቢን ያሳስታል።

ኬ. ቲ. ቪ. ግራታንና ዜድ. ዋይ. ዣንግ በ1995 ስለዚሁ የፍሎረሰንስ ቴርሞሜትር አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ነገሩን በጥልቀት ማወቅ ለሚፈልግ ጓደኛ ከዚያ እንዲጀምር እመክራለሁ። የእኔ ቅሬታ በሊቃውንቱ ላይ አይደለም፤ በሊቃውንቱ መጽሐፍና በመሣሪያው ሰሌዳ መካከል ባለው ገደል ላይ ነው። ሊቁ የመክሰሚያው መስመር ከቀላሉ ሕግ የት እንደሚለይ በገጽ ሙሉ ይመረምራል፤ ሰሌዳው ላይ የሚታየው ግን «98» ብቻ ነው። የብርሃኑ ብርታት ዘንድሮ ከተተከለበት ዓመት በስንት እንደ ወረደ፣ መክሰሚያው ከአንድ ቀጥተኛ ሕግ ምን ያህል እንደ ራቀ፣ ሁለቱም በመሣሪያው ውስጥ ሊታወቁ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። ከሙቀቱ ቁጥር ጎን ሊጻፉ ይገባ ነበር። የድሮውም የግምት ቴርሞሜትር ፋይበር ተገጠመ ተብሎ መነቀል የለበትም፤ ሁለቱ ሲለያዩ ማየት አንዱን ብቻ ከማመን ይሻላል።

ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ከመከራከር ይልቅ በቤተ ሙከራችን መፈተን ይቻላል፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ሰው ሠራሽ ሩቢ በሰዓት ውስጥ እንኳ ስለሚገኝ ውድ አይደለም፤ ውስጡ ያለው ክሮሚየም አረንጓዴ ብርሃን ሲያርፍበት በ694 ናኖሜትር ቀይ ብርሃን ይሰጣል፤ የመክሰሚያው ጊዜም በክፍል ሙቀት ከ3 እስከ 4 ሚሊሰከንድ ስለ ሆነ በተራ ኦሲሎስኮፕ ይታያል። የሚያስፈልገው አንድ አረንጓዴ ኤል ኢ ዲ፣ አንድ ቀይ ማጣሪያ፣ አንድ ፎቶዳዮድና የውኃ ማሞቂያ ነው። ሩቢውን በአንድ ሙቀት ላይ አቁሞ፣ በብርሃኑ መንገድ ላይ ጥቁር መስተዋት እየደራረቡ ብርሃኑን ወደ ግማሽ፣ ወደ ዐሥረኛ፣ ወደ መቶኛ ማውረድና በየጊዜው የሚወጣውን የመክሰሚያ ጊዜ መጻፍ ነው። ውዳሴው እውነት ከሆነ ቁጥሩ አይነቃነቅም። ሙከራውን የሚሠራ ጓደኛ አንድ ነገር ብቻ አይርሳ፤ የላይኛውን ማመሳከሪያ በፈላ ውኃ የሚያደርግ ከሆነ በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የዕለቱንም የአየር ግፊት ከባሮሜትር አንብቦ ሊይዝ ይገባዋል።